የእማዬ ሁለት ብሎኖች

በእኛ ቤት «ብሎኑስ እንዴት ነው?» ሲባል ስለ መኪና የሚያስብ ሰው የለም። ጥያቄው ለእማዬ ነው። በታችኛው መንጋጋዋ ላይ፣ ከፊት በግራና በቀኝ፣ አጥንቷ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ትንንሽ የቲታኒየም ብሎኖች አሏት። ሐኪሞቹ ኢምፕላንት ይሏቸዋል፤ እኛ ግን ብሎን እንዳልናቸው ቀርተናል። የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሷ እንደ ልብስ ቁልፍ «ጠቅ» ብሎ የሚቀመጠው በእነሱ ራስ ላይ ነው። ጠዋት ታደርገዋለች፣ ማታ ታወልቀዋለች። የተተከሉላት በ2005 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ 63 ዓመቷ ነበር። ዛሬ 76 ሆኗታል።

ስለ ጥርስ ተከላ የምንሰማው አብዛኛው ወሬ ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። ማስታወቂያው ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት ይስቃሉ። በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥረኛው ዓመት ምን እንደሚመጣ ግን ብዙ አይነገርም። ለእናት ለአባታቸው ጥርስ ለማሠራት ገንዘብ እያዋጡ ያሉ እህትና ወንድሞች በየቤቱ እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነሱ ይጠቅማል ብዬ ያሰብኩትን፣ እኛ ያየነውን 13 ዓመት እነሆ።

እማዬ ጥርሶቿን ያጣችው በድድ በሽታ ነው። አንዱ ሲነቃነቅ ሲነቀል፣ ሌላው ሲከተል፣ 58 ዓመቷ ላይ ላይኛውም ታችኛውም ባዶ ሆነ። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላት። ላይኛው አላስቸገራትም፤ ላንቃን ሸፍኖ ስለሚቀመጥ በምራቅ ተጣብቆ ይይዛል። ታችኛው ግን የሚያርፈው በቀጭን የድድ ሸንተረር ላይ ብቻ ነው። ምላስ ከውስጥ ይገፋዋል፣ ጉንጭ ከውጭ ይገፋዋል። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ደግሞ ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ ስለሚፈታ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። እናም ስታወራ ይነሣል፣ ስትስቅ ይንሸራተታል። ሠርግ ቤት «ጠግቤአለሁ» ማለት አመሏ ሆነ። ለቅሶ ቤት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትቀመጥ ነበር። ሰው ሐዘኗ የበረታ ይመስለው ነበር፤ እሷ ግን ጥርሷን ነበር የምትጠብቀው።

ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። በ2005 እማዬ ልጇን ልታርስ ሄዳ ስድስት ወር ቆየች። በዚያ ቆይታዋ ነው ብሎኖቹ የተተከሉላት። አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ሦስት ወር ያህል ተጠበቀ፤ ከዚያ ጥርሱ ተገጠመ። ቦሌ ስንቀበላት መጀመሪያ ያየሁት አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ነው። ቤት ገብታ ቡና ሲፈላ ቆሎ ዘግና ቃመች። ማናችንም ምንም አላልንም፤ ሁላችንም ግን እያየናት ነበር።

ዘዴው የቆየ ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር ተዋሕዶ እንደሚይዝ በምርምር ላይ ሳሉ አስተዋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ላይ ተከሉት። ያ የመጀመሪያው ታካሚ ጥርሱን ይዞ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ካናዳ ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ታችኛው መንጋጋው ጥርስ አልባ ለሆነ ሰው በሁለት ተከላ የተያዘ ተወላቂ ጥርስ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባል ብለው የጋራ አቋም ያዙ።

ብሎኑ ራሱ ጠንካራ ነው። በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ከተተከሉት 100 ብሎኖች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም በቦታቸው ይገኛሉ። ታዲያ የሚያረጀው ምንድን ነው? በብሎኑ ዙሪያ ያለው ሁሉ፦ ናይሎኑ፣ ፕላስቲኩ፣ ድዱ፣ አጥንቱ፣ በመጨረሻም የባለቤቱ እጅ። ወደ እኛ ቤት የመጡትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ምስር የምታህል ናይሎን

በጥርሱ ሆድ ውስጥ የብሎኑን ራስ ነክሰው የሚይዙ፣ ምስር የሚያህሉ ሁለት ክብ ናይሎኖች አሉ። ጥርሱ በገባና በወጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። በሁለተኛው ዓመት «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ጠፋ፤ ጥርሱ እንደ ድሮው መነሣት ጀመረ። እማዬ ብሎኑ የተነቀለ መስሏት ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

አዲስ አበባ ያገኘናት የጥርስ ሐኪም ወጣት ናት። አይታ ፈገግ አለች። «እማማ፣ ብሎኑ ምንም አልሆነም። ያለቀው ናይሎኑ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለች። ቀጥላ ግን «የየትኛው ኩባንያ ነው?» ብላ ጠየቀች። እዚህ ላይ ነገሩ ቆመ። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቅርፅ፣ የራሱ መጠን፣ የራሱ መፍቻ አለው። የአንዱ ናይሎን ለሌላው አይሆንም። ሥራውን የሠራው ክሊኒክ ደግሞ ለእማዬ አንድም ወረቀት አልሰጣትም ነበር።

እህቴ ክሊኒኩ ድረስ ሄዳ መዝገቡን አስወጣች። የአምራቹ ስም፣ የብሎኑ ዓይነት፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የምርት ቁጥሩ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ነበር። አብሮም በተከላው ጊዜ የተነሣው ራጅ መጣ። የዚያ ራጅ ዋጋ ያን ጊዜ አልገባንም፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ናይሎኖቹ በሰው እጅ፣ በሻንጣ መጡ። ጎረቤቶቻችን ከአሜሪካ ጫማና ስልክ ሲመጣላቸው ለእኛ ቤት በትንሽ ላስቲክ የታሸገ ናይሎን ይመጣል። ወረቀቱ ዛሬ በፕላስቲክ ተለብጦ ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ላይ ተቀምጧል።

ወለሉ ሲሰጥም

በአምስተኛው ዓመት ናይሎኑ በየሦስት ወሩ ማለቅ ጀመረ። እኛ የናይሎኑ ጥራት የወረደ መስሎን ነበር። ሐኪሟ ግን ጣቷን በታችኛው ጥርስ የኋላ ጫፍ ላይ አድርጋ ጫን አለች፤ ከፊት በኩል ብድግ ሲል አየነው። «ናይሎን ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ችግሩን ከናይሎኑ ውጭ ነው የምንፈልገው» አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎኖቹ ባሉበት በፊት በኩል አጥንቱ ሥራ ስላለው ይቆያል። ከኋላ፣ ብሎን በሌለበት፣ አጥንቱ መሟሸሹን አያቆምም። ጥርሱ ከፊት ተይዞ ከኋላ ወለሉ ይሰጥምበታል፤ ባልተደላደለ መሬት ላይ እንደ ተቀመጠ በርጩማ ይንገዳገዳል። መንገዳገዱ ናይሎኑን ይበላል፣ ብሎኑንም ያለ አግባብ ይጎትታል። መፍትሔው የጥርሱን ሆድ በአዲስ ፕላስቲክ ሞልቶ ከድዱ ጋር እንደገና ማስተካከል ነው። ከዚያ በኋላ ናይሎኑ ከዓመት በላይ ቆየ። ምግብ ከሥር መግባት ከጀመረ፣ ሲያኝኩ ከተንገዳገደ፣ ድዱን አንድ ቦታ ላይ ካቆሰለ፣ ሊሞላ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

በሰባተኛው ዓመት ተሰበረ። ቆሎ ሲበላ ወይም አጥንት ሲጋጥ ቢሆን ይገባን ነበር። የተሰበረው ግን ለስላሳ ድፎ ዳቦ እየበላች ነው፤ ልክ ከግራው ብሎን በላይ። ናይሎኑ የሚቀመጥበት ጉድጓድ የሚቦረቦረው ከፕላስቲኩ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ጋ ግድግዳው ስስ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲተጣጠፍ ኖሮ አንድ ቀን ይለቃል። ተጠገነ፤ ከአራት ወር በኋላ እዚያው ቦታ ደገመ። ለጥገና በተሰጠባቸው ቀናት የማኅበር ተራዋ ደርሶ ነበር። እማዬ ጠላውንም ዳቦውንም አዘጋጅታ፣ አሳምራ፣ በእኔ እጅ ላከችው። እሷ «አሞኛል» ብላ ቤት ቀረች።

ሐኪሟ ሁለት ነገር አደረገች። የድሮውን፣ ከተከላው በፊት የነበረውን ጥርስ ሆዱን ቦርቡራ ለመጠባበቂያ እንዲሆን አደረገችው። ከዚያም ውስጡ የብረት አጥር ያለው አዲስ ጥርስ አዘዘች። ላይኛውም አብሮ ተቀየረ። ታችኛው በብሎን ጠብቆ ሲይዝ እማዬ የምታኝከው በአብዛኛው በፊት ጥርሷ ስለነበር፣ የላይኛው ድድ ፊት ለፊቱ ረግቦ፣ ጥርሱም መውደቅ ጀምሮ ነበር። በሁለት ብሎን የተያዘ ታችኛ ጥርስ ላይኛውን ሊጎዳ እንደሚችል ከተከላው በፊት የነገረን ሰው አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ደስ የሚል ነገር ወጣ። ጥርስ ሠሪው ናሙናውን ሲያሳያት እማዬ አየት አደረገችና «ልጄ፣ እኔ እኮ ፍንጭት ነበርኩ» አለችው። ሐኪሟ ሳቀች፤ እሱ ግን በቁም ነገር ወስዶ የላይኛውን ሁለት የፊት ጥርስ ፈልቀቅ አድርጎ ሠራላት። አባቴን የማረከው ፍንጭት በ70 ዓመቷ ተመለሰ።

የማያመው ሕመም

በአሥረኛው ዓመት ማታ ማታ ብሩሿ ላይ ደም ታይ ጀመር። ሕመም የለም፤ ጥርሱም አልተነቃነቀም። አፏ ግን ሽታ አመጣ። በመካከሉ የስኳር ሕመም እንዳለባት ታውቆ መድኃኒት ጀምራለች።

ሐኪሟ በቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ብሎን ዙሪያ ድዱን እየነካች ዞረች። በቀኙ በኩል መለኪያው ትንሽ ገብቶ ቆመ። በግራው ጠለቅ ብሎ ገባ፤ ደምና መግል ተከተለው። ራጅ ተነሣ። ያን ጊዜ ነው የ2005ቱ ራጅ የጠቀመን። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጋቸው ልዩነቱ ለእኔም ታየኝ፤ በግራው ብሎን ዙሪያ አጥንቱ ሦስት የብሎን ጥርስ ያህል ዝቅ ብሏል። የመጀመሪያው ራጅ ባይኖር የዛሬውን የምናመዛዝንበት አልነበረንም።

የተፈጥሮ ጥርስ በአጥንትና በሥሩ መካከል ጅማት አለው፤ ሲጫኑት ይሰማዋል፣ ሲታመም ይነቃነቃል። ብሎን ጅማት የለውም። በዙሪያው ያለው ድድም የሚይዘው እንደ ተፈጥሮው አጥብቆ አይደለም። ስለዚህ ቆሻሻ ሲከማች ጀርሙ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ባለቤቱ ግን አይሰማውም። በመጀመሪያው ደረጃ የሚቆጣው ድዱ ብቻ ነው፤ በደንብ ከጸዳ ይድናል። አጥንቱ መበላት ከጀመረ ግን የሄደው በቀላሉ አይመለስም፤ ሕክምናው ባለበት ለማቆም ነው። ያልተስተካከለ ስኳርና ሲጋራ ደግሞ ነገሩን ያባብሱታል።

ሐኪሟ መለኪያዋን አስቀምጣ «እማማ፣ ማታ ያወልቁታል?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ «አዎ» አለች። የላይኛው ላንቃዋ ግን በፈንገስ ቀልቶ ነበር፤ ሌት ተቀን ጥርሱን የማያወልቅ ሰው ምልክት ነው። ሐኪሟ አልተከራከረቻትም። መድኃኒት ጻፈች፣ ቀጠሮ ሰጠች።

የዚያን ማታ፣ ልጄ ከተኛች በኋላ፣ እማዬ ራሷ አነሣችው። «ልጅቷ እኔ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው» አለች። «ሌሊት ነቅታ ጥርስ የሌላት አሮጊት አይታ ትደንግጥ? አባትሽ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደዚያ ሆኜ አላየኝም።» ትንሽ ዝም አለች። «ደግሞም አልወጣልኝ አለ» አለችና እጇን ዘረጋችልኝ። ቁርጥማት ያበጣቸው ጣቶች ናቸው። ጥርሱን ፈልቅቆ ለማውጣት ጥፍርና ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ሁለቱም የሏትም።

ለዓመታት አዲስ ናይሎን ሲገባ የምናደንቀው ጥብቅነቱን ነበር። ናይሎን ግን በጥንካሬ ደረጃ የሚሠራ ነገር ነው፤ እሷ የምትጠቀምበት ዓይነት ነጩ በጣም ይይዛል፣ ሮዙ መካከለኛ ነው፣ ሰማያዊው ይቀላል። ሐኪሟ በሚቀጥለው ቀጠሮ ነጩን አውጥታ ሰማያዊውን አደረገች። እማዬ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆና በአውራ ጣቷ ገፋችው፤ ወጣ። መልሳ አስገባችው፤ እንደገና አወጣችው። ሦስት ጊዜ። «እንዲህ የሚቀል ከሆነማ» አለች።

እፍረቱን ያቃለለችው ደግሞ ልጄ ናት። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። አንድ ማታ መታጠቢያ ቤት ድንገት ገባችና አያቷን ያለ ጥርስ አየቻት። እማዬ በእጇ አፏን ከደነች። ልጅቷ ግን ድዷን እያሳየች «አያቴ፣ አንቺም ወለቀብሽ?» አለቻት። ሳቃቸው ሳሎን ድረስ ተሰማ።

አሁን ያለንበት

የግራው ብሎን ዙሪያ ድዱ ተከፍቶ ተጸዳ፤ ስኳሯ ተስተካከለ፤ ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ትታያለች። አጥንቱ አልተመለሰም፤ ባለበት ቆሟል። ማታ ከዜና በኋላ ሥራ እንከፋፈላለን። እሷ ጥርሷን ታጥባለች፤ ቢያመልጣት እንዳይሰበር ገንዳው ውስጥ ፎጣ ተነጥፎበታል። በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና ነው የምታጥበው፤ የጥርስ ሳሙና ፕላስቲኩን ስለሚሞርድ፣ ደቃቁም ናይሎኑ ውስጥ ገብቶ ስለሚፍቅ። የፈላ ውኃ ስለሚያጣምመው አይነካውም። ከዚያ ንጹሕ ውኃ ባለበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ያድራል። እኔ ደግሞ ጫፏ ትንሽ በሆነች ለስላሳ ብሩሽ ሁለቱን የብሎን ራሶች ዙሪያቸውን፣ ድዱ ሥር ድረስ እቦርሻለሁ። ጠዋት ስታስገባው በጣቷ ተጭና ነው፤ ነክሶ ማስገባት ናይሎኑን ይጨፈልቀዋል።

ሐኪሟ ስለ ወደፊቱም ነግራናለች። እማዬ አልጋ ላይ ብትውል ወይም ልቧ ቢዘነጋ፣ የብሎኖቹን ራስ ፈትቶ በዝቅተኛ ክዳን መዝጋት ይቻላል። ያን ጊዜ የሚያጸዳው ሰው ሥራ ይቀላል፣ ጥርሱም እንደ ተራው ተወላቂ ሆኖ ያገለግላል። እማዬ ይህን ስትሰማ «እኔ ስሞት ብሎኑ ለማን ይወረሳል?» ብላ ሐኪሟን አሳቀቻት።

ለወላጆቻችሁ ይህን ልታሠሩ ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። የብሎኑ መለዋወጫ ወላጆቻችሁ በሚኖሩበት ከተማ ይገኛል? የሚከታተላቸው ሐኪም ማን ነው? ላይኛው መንጋጋ ከሆነ አጥንቱ ስለሚሳሳ ሁለት ብሎን አይበቃውም፤ አብዛኛውን ጊዜ አራትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ይህስ ታስቧል? የብሎኑን መለያ ወረቀትና የመጀመሪያውን ቀን ራጅ ሳትቀበሉ ከክሊኒኩ አትውጡ። ገንዘቡንም ስታዋጡ የተከላውን ቀን ብቻ አታስቡ። ናይሎን፣ ሙሌት፣ ጥገና፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ አዲስ ጥርስ ይከተላል። እህቴና እኔ ለዚህ የተለየ ቁጠባ አለን፤ ወሩ ሲደርስ ሁለታችንም ጥቂት እናስቀምጣለን።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ «ባይሠራ ይሻል ነበር» የምል እንዳይመስላችሁ። እማዬን ብትጠይቋት ከለቅሶ ቤት ንፍሮ ዘግና የምትበላበትን፣ ሠርግ ላይ እልል የምትልበትን 13 ዓመት ለማንም አትለውጥም። በእልልታ ጊዜ ጥርስ መውደቁን መፍራት ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት።

ተወላቂ ጥርስ ያላቸው እናት ወይም አባት ካሏችሁ፣ ብሎን ይኑረው አይኑረው፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ ሲተኙ ያወልቁታል? እጃቸውስ ለማውለቅ ይታዘዛቸዋል? ስትጠይቁ ልጆች ባሉበት አይሁን፣ በርም ዝጉ። የመጀመሪያው መልስ «አዎ» ቢሆን አትከራከሩ፤ ቡና አፍሉና ጠብቁ።